የነፍስ አድን ውሾችና አሠልጣኞቻቸው፦ ስለ ክብራቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(«ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የነፍስ አድን ውሻ ሲባል የፖሊስ ውሻ ማለት ነው?

አይደለም። አንዳንዱ በፖሊስ ወይም በጦር ሠራዊት ሥር ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ለየት ይላል። በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚያሸተው አነፍናፊ ውሻ የሚፈልገው ዕቃ ነው። የነፍስ አድን ውሻ የሚፈልገው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ሰው። በፈረሰ ሕንፃ ሥር፣ በበረዶ ናዳ ውስጥ፣ በጫካና በገደል፣ በውኃ ዳር ይሠማራል። የጠፋውን ሰው ልብስ አሽትቶ ዱካ የሚከተል አለ፤ ነፋስ ያመጣለትን የማንንም ሰው ጠረን ይዞ ወደ ምንጩ የሚሄድ አለ። አስከሬን ለመፈለግ ብቻ የሠለጠኑም አሉ።

በዚህ የቴክኖሎጂ ዘመን ውሻ ለምን ያስፈልጋል?

ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ አለ፤ በቀዳዳ የሚገባ ካሜራም አለ። ነገር ግን ራሱን የሳተ ሰው አይጣራም፣ ግድግዳ አያንኳኳም። ጠረኑ ግን በስንጥቁ በኩል ይወጣል። ሠልጥኖ የወጣ ውሻ ሰው በእጁ አንሥቶ ለመጨረስ ቀናት የሚፈጅበትን የፍርስራሽ ክምር በደቂቃዎች ያስሰዋል፤ ሰው ያለበት ሲመስለው ቆሞ ይጮኻል። ከዚያ ሁለተኛ ውሻ ይመጣና ያንኑ ቦታ ያሸታል። እሱም ከጮኸ መሣሪያውም ቆፋሪውም ወደዚያ ይዞራል። ስለዚህ ውሻና መሣሪያ አይፎካከሩም፤ የት እንደሚቆፈር ቀድሞ የሚናገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ነው።

አሠልጣኙ ለምን አብሮ ይከበራል? ሥራውን የሚሠራው ውሻው አይደለም እንዴ?

የዚህ መልስ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም በሽልማቱም በፎቶውም ከሁሉ የሚዘነጋው አሠልጣኙ ነው። እዚህ አሠልጣኝ የምንለው ውሻውን አስተምሮ የሚሸኘውን ብቻ አይደለም፤ አብሮት ፍርስራሹ ላይ የሚወጣውን ሰው ነው።

ውሻው ያሸታል፣ ይጮኻል። የጮኸው ሰው አግኝቶ ነው? ደክሞት ነው? ወይስ ከተደረመሰው ወጥ ቤት የምግብ ሽታ መጥቶበት? ይህን የሚለየው አሠልጣኙ ነው። የጅራቱን አነቃነቅ፣ የጆሮውን አቋም፣ የአተነፋፈሱን ለውጥ አብሮት ስለኖረ ያውቀዋል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይቶ ውሻውን በየት በኩል እንደሚያስገባም የሚወስነው እሱ ነው። ቢሳሳት ቆፋሪዎች ሰዓታት በከንቱ ይደክማሉ፤ በእነዚያ ሰዓታት ሌላ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ሊሞት ይችላል። ይህን ሸክም ውሻው አያውቀውም። ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው አሠልጣኙን ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን ስትደበደብ ማርጋሬት ግሪፊን የተባለች አሠልጣኝ ኢርማ ከምትባል ጀርመን ሼፐርድ ጋር ትሠራ ነበር። ኢርማ በሕይወት ላለ ሰው የምትጮኸው ጩኸት ሌላ ነበር፤ ለሞተ ሰው የምትጮኸው ደግሞ ሌላ። አንድ ጊዜ በሕይወት ያለ ሰው እንዳለ አመልክታ ከቦታው አልነቃነቅም አለች። ቁፋሮው ቀጠለ፤ ሁለት ልጃገረዶች በሕይወት ወጡ። ውሻዋን ማድነቅ ቀላል ነው። ሌላው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ «ውሻዬ አልተሳሳተችም» ብሎ ለመቆም ግን የሰው ልብ ይጠይቃል።

ሌላው ነገር ገንዘብና ጊዜ ነው። አንድን ውሻና አንድን ሰው ለሥራ ብቁ ለማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ብቁ ከሆኑም በኋላ ልምምዱ አይቆምም፤ በየጊዜው ይፈተናሉ። በብዙ አገር እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የላቸውም። በብሪታንያ ሃሚሽ ማኪነስ የተባለው ተራራ ወጪ በ1965 በስኮትላንድ የመሠረተው የነፍስ አድን ውሾች ማኅበርም፣ በስዊዘርላንድ ከ1971 ጀምሮ የሚሠራው ሬዶግ የተባለው የነፍስ አድን ውሾች ማኅበርም የሚንቀሳቀሱት በበጎ ፈቃደኞች ነው። ቀን መምህር ወይም አናጢ የሆነ ሰው ስልክ ሲደወልለት ሌሊት ተነሥቶ ወደ ተራራ ይወጣል።

የአሜሪካዋ ዊልማ ሜልቪል ታሪክም መነገር ያለበት ነው። ጡረታ የወጣች የስፖርት መምህርት ነበረች። በ1995 በኦክላሆማ ሲቲ የመንግሥት ሕንፃ በቦምብ ሲፈርስ ከውሻዋ ከሙርፊ ጋር ሄዳ ሠራች። 168 ሰው ሞተ። በአገሯ ለእንዲህ ያለ አደጋ የሠለጠኑ ውሾች ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ ያየችው እዚያ ነው። በማግሥቱ ዓመት ድርጅት አቋቁማ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ውሻና አንድ አሠልጣኝ፣ ማለትም 168 ጥንዶች፣ ለማፍራት ተነሣች። ውሾቹን የምትሰበስበው በአብዛኛው ባለቤት ካጡ ውሾች መጠለያ ነበር፤ የምታስረክባቸው ደግሞ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ያለ ክፍያ። ለሟች ከቆሙ መታሰቢያዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም።

ለእነሱ የተለየ ቀን አለ?

አለ። ዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ውሾች ቀን በየዓመቱ በሚያዝያ ወር፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል፣ የመጨረሻ እሑድ ይከበራል። ቀኑን የሚያስተባብረው በኦስትሪያዋ ሳልዝበርግ የሚገኘው የዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ውሾች ድርጅት ነው። በዚያ ቀን በብዙ አገር ቡድኖቹ ልምምዳቸውን ለሕዝብ ክፍት ያደርጋሉ።

ምን ዓይነት ሽልማት ይሰጣቸዋል?

ከሁሉ የታወቀው የዲኪን ሜዳሊያ ነው። በብሪታንያ የድሆችን እንስሳት በነፃ የሚያክም ድርጅት የመሠረተችው ማሪያ ዲኪን በ1943 አቋቋመችው። ሜዳሊያው ላይ «ለጀግንነት» እና «እኛም እናገለግላለን» የሚሉ ቃላት ተቀርጸዋል።

ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ ሪፕ ነው። ሪፕ ዘሩ የማይታወቅ የመንገድ ውሻ ነበር። በ1940 በምሥራቅ ለንደን ከአንድ የቦምብ ድብደባ በኋላ ቤት አልባ ሆኖ ሲንከራተት አንድ የአየር ወረራ ጥበቃ ሠራተኛ አገኘውና ቁራሽ ሰጠው። ከዚያ አልተለየውም። ማንም ሳያሠለጥነው ፍርስራሽ እያሸተተ ሰዎች ማግኘት ጀመረ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች በእሱ ምክንያት ተገኝተዋል። መንግሥት ኋላ ላይ ለዚህ ሥራ ውሾችን በወጉ ለማሠልጠን እንዲያስብ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም የሪፕ ሥራ ነው። በ1945 ተሸለመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ቁራሽ የሰጠው ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ አልተጻፈለትም።

በ2002 ደግሞ የኒው ዮርክ ፖሊስ ውሻ የሆነው አፖሎ ሜዳሊያውን በራሱ ስም ብቻ ሳይሆን፣ ከመስከረም 11ዱ (ሴፕቴምበር 11፣ 2001) ጥቃት በኋላ በኒው ዮርክና በፔንታጎን በሠሩት የነፍስ አድን ውሾች ሁሉ ስም ተቀበለ። በዚያ የፍለጋ ሥራ ወደ 300 የሚጠጉ ውሾች እንደተሳተፉ ይነገራል። አንዱን መርጦ ሌላውን ከመተው ይህ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል።

ባሪ የሚባለው ውሻ በአንገቱ በርሜል አንጠልጥሎ ሰው ያድን ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ባሪ እውነተኛ ውሻ ነው፤ በርሜሉ ግን ተረት ነው። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር በታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ ባለው የመነኮሳት ማረፊያ ከ1800 ጀምሮ ኖረ፤ ከ40 በላይ መንገደኞችን ከበረዶ አድኗል ይባላል። አርባ አንደኛው ሰው ተኩላ መስሎት ገደለው የሚለውም አልሆነም። ሲያረጅ በርን ከተማ ተወሰደና በ1814 እዚያው በሰላም ሞተ። ዛሬም በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይታያል።

ሐውልት የቆመላቸው አሉ?

በርካታ። ሜክሲኮ በዚህ ረገድ ብዙ ታስተምራለች። ፍሪዳ የምትባለው የባሕር ኃይል ላብራዶር በመስከረም 2017 የሜክሲኮ ምድር መንቀጥቀጥ ጊዜ መነጽርና ጫማ አድርጋ ፍርስራሽ ላይ ስትወጣ ያላየ ሜክሲኮአዊ የለም ማለት ይቻላል። በዘመኗ 12 ሰዎችን በሕይወት፣ ከ40 በላይ አስከሬኖችን አግኝታለች። በ2019 በሥነ ሥርዓት ጡረታ ወጣች፣ በ2022 ሞተች። ሐውልት የቆመላት ገና በሕይወት እያለች ነው።

ፕሮቲዮ የተባለው የሜክሲኮ ጦር ሠራዊት ውሻ ዕጣ ከዚህ ይለያል። በየካቲት 2023 ቱርክ 7.8 በሆነ ምድር መንቀጥቀጥ ስትመታ ሜክሲኮ ውሾቿንና አሠልጣኞቻቸውን ላከች። ፕሮቲዮ እዚያው በሥራ ላይ ሞተ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሶ በወታደራዊ ክብር ተሸኘ። ቱርክ በበኩሏ ለሜክሲኮ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ በስጦታ ላከች፤ አርካዳሽ ተባለ፤ በቱርክኛ ጓደኛ ማለት ነው። ሐዘንተኛ ቤት ባዶ እጅን አይኬድም እንደምንለው ነው፤ መንግሥታት ይህን ሲያደርጉ ማየት ደስ ይላል።

ውሻው መከበሩን ያውቃል?

ሜዳሊያውን አያውቀውም። የሚያውቀው መጫወቻውን ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ውሻ ኳስ ወይም የገመድ ቁራጭ ካየ የማያርፍ፣ ጨዋታ የማይሰለቸው ነው። በታይዋን ሮጀር የተባለው ላብራዶር አደንዛዥ ዕፅ ለማነፍነፍ ታስቦ ጨዋታ አብዝቶ ፈተናውን ወደቀ፤ ወደ ነፍስ አድን ተዛወረና በሚያዝያ 2024 የሁዋሊየን ምድር መንቀጥቀጥ ጊዜ የአንዲት ሟች አስከሬን ያለበትን ቦታ አመለከተ።

ለውሻው ሰው ማግኘት ማለት ጨዋታ ማሸነፍ ነው፤ ሽልማቱም ወዲያው መምጣት አለበት። በመስከረም 11 ፍርስራሽ ላይ በሕይወት ያለ ሰው ማግኘት እየጠፋ ሲሄድ ውሾቹ ይደብራቸው ጀመር። አሠልጣኞቹ ምን አደረጉ? ከሠራተኞቹ አንዱ ፍርስራሽ ውስጥ ይደበቃል፤ ውሻው ፈልጎ ያገኘዋል፤ ይወደሳል፣ ኳሱ ይሰጠዋል። ራሳቸው በሐዘን እየተሰበሩ ውሻቸውን ለማጫወት የሚደበቅ ሰው ይፈልጉ ነበር።

አስከሬን ብቻ ያገኘ ውሻም ይከበራል?

እንዴታ! «ያዳነው የለም» እያሉ የሚያሳንሱ አሉ፤ እንዲህ የሚሉት ሬሳ ጠፍቶባቸው ስለማያውቁ ነው። በእኛ አገር ሟቹን አፈር ሳያለብስ የቀረ ቤተሰብ ልቅሶው አያልቅለትም። ለቅሶ ደራሽ ቢመጣ ቢሄድ፣ ተዝካር ቢወጣ፣ እናት «ምናልባት አንድ ቀን በር ያንኳኳ ይሆናል» ከማለት አትመለስም። በብራዚል ብሩማዲንሆ በጥር 2019 የማዕድን ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰዎች ሲሞቱ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሾቻቸውን ይዘው በዚያ ጭቃ ውስጥ ዓመታት የፈለጉት በሕይወት ያለ ሰው ለማግኘት አልነበረም። ለየቤተሰቡ የሚቀበር ለመመለስ ነበር። ይህን ሥራ የሠራ ጥንድ ከሌላው እኩል ሊከበር ይገባል።

ሥራው ውሾቹን አይጎዳቸውም?

ይጎዳል። ስለታም ብረትና መስታወት፣ አቧራ፣ ከሁሉ በላይ ሙቀት። በሚያዝያ 2016 በኤኳዶር ምድር መንቀጥቀጥ ጊዜ ዳይኮ የተባለው የኢባራ ከተማ የእሳት አደጋ ቡድን ላብራዶር ሰባት ሰዎች እንዲገኙ ከረዳ በኋላ በሙቀትና በድካም ልቡ ቆሞ ሞተ። አራት ዓመቱ ነበር። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ጥሩ ውሻ ደግሞ «ደከመኝ» አይልም፣ ሥራው ጨዋታው ነውና። አሠልጣኙ ነው ጊዜ ቆጥሮ፣ ውኃ ሰጥቶ፣ ጥላ ውስጥ ማስተኛት ያለበት፤ አለቃው «ትንሽ ይቀጥል» ቢለውም እምቢ ማለት ያለበት እሱ ነው።

በሌላ በኩል የሚያጽናና ነገር አለ። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሲንቲያ ኦቶ የምትመራው የእንስሳት ሐኪሞች ቡድን ከመስከረም 11 በኋላ የሠሩ 95 ውሾችን እስኪሞቱ ድረስ ተከታተለ። ዕድሜያቸው በዚያ ሥራ ላይ ካልተሰማሩት ውሾች አላነሰም። በአንጻሩ አብረዋቸው በአቧራው ውስጥ ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ለከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም ተዳርገዋል።

ጡረታ ሲወጡ ምን ይሆናሉ?

አብዛኞቹ ከአሠልጣኛቸው ቤት ይኖራሉ። ብሬታኝ የምትባለው የቴክሳስ ጎልደን ሪትሪቨር በሁለት ዓመቷ ኒው ዮርክ ፍርስራሽ ላይ ሠርታለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ትምህርት ቤት እየሄደች ማንበብ የሚከብዳቸው ሕፃናት ሲያነቡ አጠገባቸው ተኝታ ታዳምጥ ነበር። በ2016፣ በ16 ዓመቷ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ እንስሳት ሐኪም ስትገባ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሰላምታ ሰጧት።

ሰልፉ ያምራል። ግን ያረጀ ትልቅ ውሻ የመገጣጠሚያ ሕመም አለበት፣ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሕክምናው ውድ ነው፤ በብዙ ቦታ የሚከፍለው አሠልጣኙ ከኪሱ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ የሚታከምበት ገንዘብ ከሐውልት ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

በእምነታችንና በባህላችን ውሻን ማክበር አይከብድም?

ውሻ ቤት እንዳይገባ፣ ቤተ ክርስቲያንም እንዳይደርስ ተብሎ ላደገ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ማክበር ሲባል ግን አልጋ ላይ ማውጣት አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ረጅም መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎት ሄዷል። በቁርኣን በሱረቱል ከህፍ የዋሻው ሰዎች ውሻ ደጃፉ ላይ ክንዶቹን ዘርግቶ ተጠቅሷል፤ በሱረቱል ማኢዳም የሠለጠነ አዳኝ ውሻ የያዘው ተፈቅዷል። አባቶቻችንም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ታማኝነቱን መመስከራቸው ነው። ሰው ለማዳን የሠለጠነን ውሻ ማመስገን ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይጋጭም።

ለኢትዮጵያ ይህ ምን ይፈይዳል?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ ሮጠው የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። በእጃቸውና በአካፋ ነበር የሚቆፍሩት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል።

ውሻ ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። እርጥብ ሸክላ አፈር ጠረን አፍኖ ይይዛል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ በረጅም ዘንግ ቀዳዳ እየተበሳ ውሻው ቀዳዳውን እንዲያሸት ይደረጋል። ናዳ ውስጥ በሕይወት መቆየትም ከባድ ነው። ሆኖም የት እንደሚቆፈር ማወቅ የቆፋሪውን ጉልበት ይቆጥባል፤ የቆፋሪውንም ሕይወት፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ናዳ ሊመጣ በሚችልበት ቦታ የሚቆመው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ውሻና አሠልጣኝ ደግሞ አደጋው በደረሰ ዕለት አይፈጠሩም፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቀድመው መጀመር አለባቸው። በጎፋ ለጎረቤታቸው ሲሉ የሞቱትን ማክበር ካሰብን መጀመሪያው ይህ ነው።

እኔ ምን ላድርግ?

ሥራ ላይ ያለ ውሻ ካያችሁ አትጥሩት፣ አትዳስሱት፣ ምግብ አትስጡት። ፍርስራሽ አካባቢ ጸጥታ ሲታዘዝ ዝም በሉ፤ ስልክም አጥፉ። ለማመስገን ስትፈልጉ ውሻው ሲያርፍ አሠልጣኙን አነጋግሩት፤ ስለ ውሻው ብቻ ሳይሆን «አንተስ እንዴት ነህ?» በሉት።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ በ1998 ናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲመታ የሄደው የነፍስ አድን ቡድን መኖሪያ ነው። በ2023ም ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ ቡድን ጋር ሆኖ ቱርክ ዘምቷል፤ ሁለቱ ቡድኖች 12 ውሾች ይዘው ነበር። በየአካባቢያችሁ ያሉ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ሁልጊዜ የሚቸግራቸው ሰው አለ፤ በልምምድ ጊዜ የሚደበቅ። ውሻው አሠልጣኙንና ጓደኞቹን ብቻ እየፈለገ ከለመደ እንግዳ ሰው መፈለግ ያቅተዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ሰው ያስፈልጋል። ሙያ አይጠይቅም። ወፍራም ልብስ ልበሱ፣ ሽቶ አትቀቡ፣ በሳጥን ወይም በቱቦ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ለመቆየት ተዘጋጁ። ውሻው ደርሶ ሲጮኽ ዝም በሉ፤ መጫወቻውን የምትሰጡት አሠልጣኙ ሲያዝዛችሁ ነው። ያኔ በደንብ አጫውቱት።